ለእሷ እንዳይነገር

«ለእሷ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» ሲል የሰማችው የገዛ ወንድሟን ነው። ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልሞላም። እትዬ ሃሎ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ፣ ገርበብ ባለው የወጥ ቤት በር በኩል ድምፁ መጣባት። ወንድሟ መንሾካሾክ አይችልበትም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከለማጅ ሹፌር ጎን ተቀምጦ «ፍሬን! ፍሬን አልኩህ!» እያለ ሲጮህ የኖረ የመኪና አሰልጣኝ ስለሆነ፣ ሹክሹክታው ከሌላው ሰው ጨዋታ ይበልጣል። «ካንሰር ነው እኮ ያሉን፤ ማህፀኗ ላይ» አለ ቀጥሎ። «ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ እጢው ወጣልሽ እንላታለን፤ አለቀ። ልቧ አይችለውም።» ልጇ የመለሰችው ነገር አልተሰማም። የተሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ልጇ ስኳር ከተወች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምኑን እንደምታማስለው እንጃ፣ ዝም ብላ ታማስላለች።

እትዬ ሃሎ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቀረች። ወለሉ እግሯን ቀዘቀዛት። የሰው ደብዳቤ ስታነብ እንደተያዘች ሁሉ መጀመሪያ አፈረች፤ ደብዳቤው የራሷ መሆኑ ትዝ ያላት ቆይቶ ነው። «እትዬ ሃሎ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ጡረታ ከወጣች በኋላም፣ በሯ ሲንኳኳ «ማነው?» ማለቱን ትታ «ሃሎ!» ስለምትል ስሙ ተለጠፈባት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በጆሮዋ ስንት የሰው ጉድ አልፏል። ስለ ራሷ ሲወራ ሰምታ ግን አታውቅም ነበር።

ደም ያየችው ከሦስት ወር በፊት ነው። የወር አበባዋ ከተቋረጠ ዘጠኝ ዓመት አልፎ፣ «ከዚህስ ተገላገልኩ» ብላ ነገሩን ረስታው ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ ዋጥ አድርጋ ዝም አለች። ሁለተኛ ጊዜ ስታይ ለልጇ ነገረች፣ ልጇ ለአጎቷ ነገረች፣ አጎት ሆዬ መኪናውን አስነስቶ ከች አለ። ሐኪም ቤት ከማህፀኗ ቅንጣት የምታህል ሥጋ ቆንጥረው ወሰዱ። ውጤቱ በሚነገርበት ቀን ነርሷ በሩን ከፈት አድርጋ «ቤተሰብ ይግባ» አለች። ቤተሰብ ገባ። የሥጋው ባለቤት ግን ቦርሳዋን ታቅፋ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረች። ወንድሟ ሲወጣ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ «እጢ ነው፤ ባቄላ እንኳ አታክልም» አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የሆነችው ልጇ እናቷን እንደ ተማሪዎቿ ማባበል ጀመረች፤ «ጎበዝ! ይቺን ደግሞ ጨርሺያት» እያለች። የገበያ ዘንቢል ከእጇ ይነጠቃል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስትወጣ ከኋላዋ ሰው ይከተላታል። በዓመት ሁለቴ ብቅ የማይለው ወንድሟ በየማለዳው ይደውላል። ሰው በድንገት ደግ ሲሆንብሽ ፍሪ ይባላል፤ እሷ ግን እርጅና ያመጣው ክብር መስሏት ደስ ብሏት ሰንብታለች።

ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ኮቴዋን ጎላ አድርጋ፣ ሳል ሳል እያለች ወደ ወጥ ቤቱ መጣች። «እንዴት አደርሽ እቴቴ!» አለ ወንድሟ ብድግ ብሎ። «በዚህ በኩል ሳልፍ እስቲ ብርቱካን ላድርስላት ብዬ።» ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ከቀጭን ላስቲክ ውስጥ የሚያብለጨልጭ፣ ሰው ለራሱ የማይገዛው ዓይነት። «በዚህ ዋጋ ብርቱካን?» አለች። «ለአንቺ ያልሆነ ለማን ይሆናል» አለ፤ ንግግሩ አልጥም ስላለው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ነገር ሲከብደው ሁልጊዜ የሌለ ፍሬን ይይዛል። ልጇ ዳቦ ቆርሳ አቀረበችላት። ሦስቱም ሻያቸውን ፉት አሉ። ስለ ውሃ መጥፋት ተወራ፣ ስለ ታችኛው ፎቅ ጎረቤት ውሻ ተወራ፣ ወሬው አለቀ። አንድ ጊዜ ከልጇ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩና ልጇ ቀድማ ሸሸች። እትዬ ሃሎም ያን ጊዜ «ሰምቻችኋለሁ» ማለት ትችል ነበር። በዚያ ፈንታ ግን «ዛሬ የጡረተኞች ማኅበር ካርዴን ላሳድስ ነው» አለች። ልጇ «ብቻሽን?» ስትል «እግሬ ገና አልታመመም» ብላ ካፖርቷን አነሳች።

ሐኪም ቤቱ በሁለት አውቶቡስ ይደረሳል። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ መዝገቧን አገላብጦ «እናቴ፣ ውጤቱን ወንድምዎ ወስደውታል» አላት። «ውጤቱን ይውሰደው፤ በሽታው ያለው እኔ ጋ ነው» አለችው። ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት፣ ፈገግ ሊል ዳዳውና ተወው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ራሱ ሐኪሟ ዘንድ አደረሳት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አዳር ሥራ ላይ እንደነበረች ከዓይኗ ሥር ያስታውቃል። እትዬ ሃሎን ስታይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወንድምዎ ለመኑን» አለች፤ «‹ልቧ ደካማ ነው፣ ከሰማች ትሞትብናለች› ብለውን ነው። እኔ ከመፈረምዎ በፊት ላነጋግርዎ አስቤ ነበር። ግን ያን ዕለት እርስዎን ውጭ ትቼ ለቤተሰብ መንገሬ ልክ አልነበረም።»

«ልጄ» አለች እትዬ ሃሎ፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መርዶ በዚህ ጆሮዬ ሲያልፍ ኖሯል። እናት ልጇ መሞቱን ስትሰማ መስመሩን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልቤ ደካማ ቢሆን የሚቆመው ያኔ ነበር። አሁን የእኔን ንገሪኝ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ወደፊት ሳብ አድርጋ ነገረቻት። ቀስ ብላ፣ ሳታደናግር ነገረቻት። የማህፀን በር ላይ አይደለም፣ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው። ደሙን አይታ ቶሎ መምጣቷ ጠቅሟታል፤ በምርመራው እንደታየው ከማህፀን ያለፈ አይመስልም። ማህፀኗ ከነእንቁላል ማመንጫዎቹ ይወጣል። የወጣው እንደገና ተመርምሮ፣ ጨረር ያስፈልግ አያስፈልግ ያኔ ይታወቃል። «ይድናል ብዬ ልፈርምልዎ አልችልም» አለች፤ «ነገር ግን ተስፋችን ትንሽ አይደለም። እንዲህ በጊዜ ከመጡት ብዙዎቹ ዛሬ ቤታቸው ናቸው።» ቀኑ የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። ቅጹ ወጣ። «የቤተሰብ ፊርማ» የሚለው መስመር ላይ የወንድሟ ፊርማ እንደ ተጠመዘዘ መንገድ ተጋድሟል፤ «የታካሚ ፊርማ» የሚለው ባዶ ነው። ፈረመች። ሐኪሟ ቅጹን እየያዘች «ማን አለዎት?» ብላ ጠየቀቻት። «ለማስታመም ብቻ አይደለም። ከዚያም በኋላ የሚያወሩት ሰው ማለቴ ነው።» እትዬ ሃሎ «ሰውማ ሞልቶኛል» አለችና ተሰናበተች። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ግን ቆመች። ልጅ አላት፣ ወንድም አላት፣ ጎረቤት አላት። እያንዳንዳቸውን በሐሳቧ ፊቷ አስቀምጣ «ካንሰር ያዘኝ» ልትላቸው ሞከረች፤ ሁሉም ያለቅሱባታል። እሷ ደግሞ የምትፈልገው የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ታውቃለች፤ እሷም ለሃያ ሁለት ዓመት ፊቷን ለማየት ያፈረችባት ሴት ናት።

ወደ ገበያው የሚሄደው አውቶቡስ በድሮው ማዞሪያ ቤት በኩል ያልፋል። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሕንፃው አለ፤ አሁን ሶፋና ቁም ሣጥን ይሸጥበታል። ያ ረጅም አዳራሽ፣ አሥራ አራት ሴቶች በአንድ መስመር ተደርድረው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው የሚቀመጡበት፣ ዛሬ በመስታወቱ ውስጥ የላስቲክ ልብሳቸው ያልወለቀ ፍራሾች ቆመውበታል። እትዬ ሃሎ ግን ያየችው ሌላ ነው። ገመዶቹ እየተሳቡ ቀዳዳቸው ውስጥ ሲሰኩ የሚሰጡትን ያን ጠቅታ ሰማች። የጆሮ ማዳመጫው ስፖንጅ ካንዷ ጆሮ ወደ ሌላዋ ሲተላለፍ ገና እንደሞቀ ነበር፤ ማን ከእሷ በፊት እንደተቀመጠች ከሽቶው ታውቅ ነበር። ተቆጣጣሪዋ በጎማ ሶል ጫማ ኮቴዋ ሳይሰማ ከኋላ ትመጣና ትከሻ ትነካለች። እግራቸው ሲያብጥ ጫማቸውን ጠረጴዛው ሥር አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን ቀዝቃዛው ብረት ላይ አሳርፈው መስመር እያገናኙ ለከተማው ሁሉ «ይቀጥሉ» ይሉ ነበር። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር ስትገባ። የምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ከፍተው፣ የማን የማን እንደሆነ ሳይለዩ ይበሉ ነበር። በስልክ ያፈቀራት አንድ የመጋዘን ጸሐፊ በየቀኑ ሰዓት ሊጠይቃት ይደውል ነበር፤ ኋላ ባሏ የሆነው እሱ ነው፤ ከሞተም አሥር ዓመት ሆነው። እነዚያ ሴቶች የት ገቡ? ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ በልጆቻቸው ቤት የልጅ ልጅ ጠባቂ ሆኑ።

ያቺ ሴት ቀጮ ናት፤ ከጎኗ ነበር የምትቀመጠው። ወገቧ በሁለት መዳፍ የሚያዝ፣ ስትስቅ ተቆጣጣሪዋን የምታስደነግጥ ሴት ነበረች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ድንገት ለሦስት ወር ከሥራ ጠፋች፤ የሐሞት ጠጠር ነው ተባለ። ስትመለስ ፊቷ ገርጥቶ፣ የሥራ ካፖርቷ ትከሻዋ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሎ ነበር። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ቀጮ «የሐሞት ጠጠር አይደለም እኮ» አለቻት። «ማህፀኔን ነው ያወጡት። ያ ስሙ የማይጠራው በሽታ ነው አሉኝ።» ቀጮ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልነበራትም። እትዬ ሃሎ ምን መለሰች? ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «ፈረቃ ደርሷል፤ ኋላ ታወሪኛለሽ» አለችና ወጣች። ያ «ኋላ» ሳይመጣ ቀረ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ መጠየቁ ራሱ አሳፋሪ ሆነ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ዓመታት ሠሩ፤ ሰላምታው አልተቋረጠም፣ ምሳው ግን ለየብቻ ሆነ። የኋላ ኋላ ቀጮ ገበያው ጀርባ የልብስ ቁልፍና የክር ሱቅ እንደከፈተች በወሬ ሰማች። አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። ካፖርቷ ላይ ቁልፍ ሲበጠስ እንኳ ከሌላ ሱቅ ነበር የምትገዛው።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሰው ከገባ ሌላ ሰው ደጅ ይጠብቃል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ትናንሽ መሳቢያዎች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ፊት ላይ ውስጡ ያለው ቁልፍ ዓይነት አንዱ ተሰፍቶበታል፣ ከእንቁ መሳዩ እስከ ወታደር ካፖርቱ። አንዲት ደንበኛ «አንዷ ቁልፍ በዚህ ዋጋ? ድሮ ደርዘኑን እንገዛበት አልነበር!» እያለች ትከራከራለች። ከባንኮኒው ኋላ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት ሳትቸኩል «ድሮማ እኔም ቀጭን ነበርኩ» ብላ መለሰችላት። እትዬ ሃሎ ከሳቁ አወቀቻት። ደንበኛዋ ገዝታ እስክትወጣ ደጅ ላይ ቆየች፤ ከዚያ ገባች። «ምን ልስጥሽ?» አለች ባለሱቋ ቀና ሳትል። «እንደምን ዋልሽ» አለች እትዬ ሃሎ። ቀጮ መነጽሯን አላደረገችም። እጇ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ «ሃሎ» አለች። «ድምፅሽ አላረጀም።»

«ያንቺም ሳቅ።»

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል የጀመርሽልኝን ወሬ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ቀጮ የያዘችውን ቁልፍ ወደ መሳቢያው ጣለችው። መሳቢያውን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች። ከውጭ የጋሪ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲንቋቋ ይሰማል። «ሃያ ሁለት ዓመት ዘገየሽ» አለች በመጨረሻ። «ፈረቃሽ አለቀ?» እትዬ ሃሎ አንገቷን ደፋች። ይህ እንደሚመጣባት አውቃለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀችውን መልስ ግን ተወችው። «አለቀ» አለች። «አሁን እኔም ታመምኩ። ያንቺው በሽታ ነው። ረቡዕ ያወጡልኛል። ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፤ እሱንም በር ሥር ቆሜ። ቤቴ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።» ቀጮ ተነሣች፤ ወገቧን ይዛ፣ ባንኮኒውን ዞራ መጣች። ደጁን መለስ አድርጋ ዘጋችው። በርጩማ ስባ «ተቀመጪ» አለች። እሷ ራሷ የክር ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አላቀፈቻትም፣ አላለቀሰችም፤ ጉልበቷን በጉልበቷ ነካ አድርጋ ብቻ ተቀመጠች።

«ተቀይሜሽ ነበር» አለች ቀጮ። «ውሸት ምን ያደርግልኛል። ከበሽታው ይበልጥ ያንቺ ‹ኋላ› ነው ያሳመመኝ። ‹ልጅ ስላላት ነው፣ የእኔ መካንነት እንዳይጋባባት ፈርታ ነው› እያልኩ ራሴን አብከነከንኩ።»

«ፈርቼ ነው» አለች እትዬ ሃሎ። «ምን ልበልሽ? የምልሽ ቃል አልነበረኝም።»

«ቃል ማን ጠየቀሽ? ጆሮሽን ነበር። ለማታውቂው ሰው ሁሉ ስታውሺው የነበረውን ጆሮ።»

ከዚያ ቀጮ የጀመረችውን ወሬ ጨረሰች። ሃያ ሁለት ዓመት ውስጧ ተቀምጦ ስለነበር ወሬው አልተደናቀፈም። የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደሆነ፣ ሳል ሲመጣ ሆድን በትራስ ደግፎ መያዝ እንደሚሻል፣ ሳቅ ከሳል እንደሚብስና የሚያስቅ ጠያቂ ከደጅ መመለስ እንዳለበት ነገረቻት። ጨረሩ እንደማያምም፣ ድካሙ ግን በሦስተኛው ሳምንት እንደሚመጣ ነገረቻት። ማታ ማታ ሰውነቷ ውስጥ አንድ ባዶ ክፍል ያለ እየመሰላት ታለቅስ እንደነበር፣ ከዚያ አንድ ቀን ማልቀሱ እንዴት እንዳቆመ ሳታውቅ እንዳቆመ ነገረቻት። እትዬ ሃሎ ጠየቀች፤ ሌላ ማንም ሊጠየቅ የማይችለውን ነገር ሁሉ ጠየቀች፤ ቀጮም ሳትሽኮረመም መለሰች። «ሐኪም ቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል አለ» አለች ቀጮ። «በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ስድስት ሰባት ሆነን እንገናኛለን። ሻይ እንጠጣለን፣ ሐኪሞቹን እናማለን። አንዷ ማህፀኗ ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያለ እሷ ሐሜት አይደምቅም። ስትሽሪ ትመጫለሽ። ሳትሽሪም ትመጫለሽ።»

ከበሽታው ወሬ ወደ ማዞሪያ ቤቱ መቼ እንደተሻገሩ አላወቁትም። ሰርጉን ሊሰርዝ ደውሎ፣ ሙሽሪት «ሃሎ» ስትለው ሐሳቡን ቀይሮ የኬክ ወሬ ያመጣውን ሰው አስታወሱ። የካፖርታቸውን ቀለም ሲያነሱ ግን ተጣሉ፤ ቀጮ ሰማያዊ ነበር ትላለች፣ እትዬ ሃሎ ግራጫ ነበር ትላለች። «አንቺ ድሮም ቀለም አታውቂም» ተባባሉ። ደንበኛ ደጁን አንኳኩቶ ሄደ። ቀጮ በመጨረሻ «ልጅሽ ማወቅሽን ታውቃለች?» አለቻት። «አታውቅም» አለች እትዬ ሃሎ። «ዛሬውኑ ንገሪያት። እኔ ከእናቴ ደብቄ ምን አተረፍኩ? ስታመም አልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ሐሞት ጠጠር ስታጽናናኝ ነበር። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ እናት አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር አታድርጊ።» አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘቻት። በቀስታ ነበር የሄዱት፤ የአንዷ ጉልበት፣ የሌላዋ ውፍረት። «ረቡዕ በጠዋት እመጣለሁ» አለች ቀጮ። «ሱቁስ?» ስትላት «ቁልፍ አይሻግትም» አለች።

ቤቷ ስትደርስ መሽቶ አልጨለመም፤ ደረጃው ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። በሩን ስትከፍት ልጇና ወንድሟ ቆመው ነበር። ጡረተኞች ማኅበር ሄደው፣ «አልመጣችም» ተብለው፣ ግማሹን ከተማ ዞረዋል። «የት ነበርሽ?» ብሎ ወንድሟ ጮኸ፤ ይህኛው እውነተኛ ድምፁ ነው። እትዬ ሃሎ ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሐኪም ቤት ነበርኩ» አለች። «ካንሰሩን ነገሩኝ። ፈረምኩ። ረቡዕ ነው።» ልጇ አፏን በመዳፏ ያዘች። ወንድሟ እንደቆመ ቀረ፤ ከግድግዳው ጋር የተጋጨ ሰው ነበር የሚመስለው። «ማን ነገረሽ?» አለ። «አንተ ነህ፤ ጠዋት። ስትንሾካሾክ ታችኛው ፎቅ ሳይሰማ አልቀረም።»

ማንም አልሳቀም። «ለምን?» አለችው። «የገዛ ሰውነቴን ወሬ ለምን ትደብቁኛላችሁ?» ወንድሟ ተቀመጠ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «እማዬ ስትታመም ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ። «ስምንት ዓመቴ ነበር። ‹ዘመድ ቤት ሄዳለች፤ ሲሻላት ትመጣለች› አልሽኝ። ስንት ወር ደጅ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ቀብሯ እንዳለፈ የነገረኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ክፋት አይደለም፤ እንዳላዝን ብለሽ ነው። እኔም ለምወደው ሰው የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።» እትዬ ሃሎ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ያን ልጅ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ጫማውን ገዝታ፣ ትምህርት ቤት አስገብታ። ስታሳድገው ግን ይህንንም አብራ አጉርሳው ኖሯል፤ አላወቀችም።

ልጇ መጥታ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ራሷን ጭኗ ላይ ጣለች። እንደ ተማሪዋ አላባበለቻትም። «ፈርተሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ይህን ጥያቄ እትዬ ሃሎን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም መልሳው አታውቅም። «አዎ፤ ፈርቻለሁ» አለች። የልጇን ፀጉር እየዳሰሰች «ዘጠኝ ወር ያለ ኪራይ የኖርሽበት ቤት ነው፤ ሊያፈርሱት ነው» ስትላት ልጇ ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እትዬ ሃሎ አላስቆመቻትም። ማልቀሱ የፈራችውን ያህል አልከበዳትም። ወንድሟ ሻይ አፍልቶ አመጣ፤ ግማሹን ሰሃኑ ላይ ደፍቶታል።

ሻያቸውን ጠጡ። ከዚያ ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ስኒውን አዞረ፣ እንደገና ጠረገ። «እቴቴ» አለ፤ «አትሳቂብኝ እንጂ... ማህፀን የሚባለው በትክክል የቱ ጋ ነው?»

የአራት ልጆች አባት ነው። ልጇ ፊቷን አዞረች። እትዬ ሃሎ ግን አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች፤ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ መዳፏን አሳረፈች። «እዚህ ጋ ነው» አለችው። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ እንደሚማር ሰው አየ።

«እማዬ ስትታመም እጇ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነበር» አለች መዳፏን ሳታነሳ። «ከምን እንደሞተች በእርግጥ አላውቅም፤ ‹የሴት በሽታ› ነው ያሉኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም። ያየሁትን ግን ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

ወንድሟ ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አሁን ንገሪኝ» አላት።